የሕንድ ሴቶች የእኩልነት አስተሳሰብ፦ ከመነጋገሪያነት ወደ ተናጋሪነት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ስለ ሴቶች የተደረገው ታላቅ ክርክር የተጀመረው ሴቶቹ በሌሉበት ነበር። ባል የሞተባት ሴት ከባሏ አስከሬን ጋር የምትቃጠልበት «ሳቲ» የተባለው ልማድ እ.ኤ.አ. በ1829 በቤንጋል ሲከለከል፣ በ1856 ደግሞ የሂንዱ መበለቶች ዳግመኛ እንዲያገቡ ሕግ ሲፈቅድ፣ ለውጥ ፈላጊዎቹም ሆኑ ወግ አጥባቂዎቹ ማስረጃቸውን ይጠቅሱ የነበረው ከጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ነው፤ የመበለቲቱ የራሷ ቃል ግን በሙግቱ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ የሕንድ ፌሚኒዝም፣ ማለትም ሴት ከወንድ እኩል እንድትሆን የሚሟገተው አስተሳሰብ፣ ልደቱ ከሕጎቹ ይልቅ ሴቶች ራሳቸው ብዕር ካነሡበት ጊዜ ቢቆጠር ይሻላል።

ለዚህ መሠረት የሆነው ትምህርት ነው። ሳቪትሪባይ ፑሌ ከባሏ ከጆቲራኦ ጋር በ1848 በፑኔ ከተማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1881 በሱራት ከተማ አንዲት ወጣት መበለት የወለደችውን ሕፃን ገድላለች ተብላ ሲፈረድባትና ጋዜጦች የሴቶችን ሁሉ ምግባር ሲያወግዙ፣ ታራባይ ሺንዴ የተባለች የማራጢ ቋንቋ ጸሐፊ በቀጣዩ ዓመት ሴትንና ወንድን የምታነጻጽርበትን መጽሐፍ አሳተመች። ሚስት የሞተችበት ወንድ ወዲያው ሲያገባ መበለቲቱ ለምን ዕድሜ ልኳን ትታሰራለች፣ በሴት የሚላከከው ጥፋትስ በወንዱ ዘንድ የለም ወይ ብላ በብርቱ ምፀት ስትጠይቅ፣ ችግሩን ከአንድ ክፉ ልማድ አንሥታ ወደ ወንዶች የበላይነት አዞረችው። መጽሐፉ ግን ወዲያው ተዘንግቶ ዳግመኛ የታተመው በ1975 ነው።

የሳንስክሪት ሊቋ ፓንዲታ ራማባይም በ1887 የላይኛው ካስት ሴቶችን ሕይወት የሚመረምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፋለች፤ ካስት ሰው በትውልዱ የሚመደብበት የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት ነው። በ1889 በቦምቤይ ለመበለቶች መጠለያና ትምህርት ቤት ብትከፍትም፣ ወደ ክርስትና መግባቷ ከብዙ ደጋፊዎቿ ጋር አቃቅሯታል። በቤንጋል ሙስሊሞች መካከል ደግሞ ሮከያ ሰኻዋት ሆሴን በ1905 ባሳተመችው ልቦለድ፣ ወንዶቹ እቤት ተዘግተው ሴቶቹ በሳይንስና በፀሐይ ኃይል አገር የሚያስተዳድሩበትን ዓለም ፈጥራ ሴቶችን እቤት የመዝጋቱን ልማድ ግፍ በሣቅ አጋለጠች።

ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ የተደረገው የነጻነት ትግል ሴቶችን በብዛት ወደ አደባባይ አወጣቸው፤ የ1950ው ሕገ መንግሥትም እኩልነታቸውን አወጀ። ይሁንና ሕጉ የጻፈውንና ኑሮው የሚመስለውን ያስተያየው በመንግሥት የተቋቋመ ኮሚቴ በ1974 ባወጣው ሪፖርት፣ በ1901 ለ1000 ወንዶች 972 የነበሩት ሴቶች በ1971 ወደ 930 መውረዳቸውን አመለከተ። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ትኩረቱን በጥቃት ላይ አደረገ፤ በሙሽራዋ ወገን የሚከፈለው ጥሎሽ (ከኢትዮጵያው ልማድ የተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይሏል) የሚያስከትለውን ግድያ ተቃወመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዲት ወጣት በመድፈር የተከሰሱ ፖሊሶችን ነጻ ማውጣቱን አራት የሕግ መምህራን በ1979 በግልጽ ደብዳቤ ከነቀፉ በኋላ የተቀሰቀሰው ንቅናቄም በ1983 የወንጀል ሕጉን አስለውጧል።

ንቅናቄው ግን ከራሱም ወገን ተተችቷል። «የማይነኩ» እየተባሉ የተገለሉት የዳሊት ማኅበረሰብ ሴቶች በ1995 ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሲመሠርቱ፣ ስለ ሴት በጥቅሉ የሚናገሩት በአብዛኛው የላይኛው ካስት የተማሩ ሴቶች መሆናቸውንና የዳሊት ሴት የካስት፣ የድህነትና የጾታ ጭቆና በአንድ ላይ የሚወርድባት መሆኗን አስረዱ፤ ሳቪትሪባይና ጆቲራኦ ፑሌ ቀድመው ያዩትን የካስትና የጾታ ትስስር ወደ ክርክሩ መሐል የመለሰው ይህ ትችት ሳይሆን አይቀርም። በ2023 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የታችኛው ምክር ቤት አንድ ሦስተኛ መቀመጫ ለሴቶች እንዲሆን ሲደነግግ ለዳሊትና ለጎሣ ማኅበረሰቦች ከተመደቡት መቀመጫዎችም ሲሶውን ለሴቶቻቸው ሰጥቷል፤ «ኋላ ቀር» ተብለው በሕግ ለተመደቡት ሌሎች ካስቶች ሴቶች ግን የተለየ ድርሻ አላስቀመጠም።