በረመዳን አእምሮን የሚፈትነው ረሃቡ ነው ወይስ እንቅልፉ?

ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ ሲውል አዲስ አበባ ውስጥ የሚጾም ሰው ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለ ምግብና ውኃ የሚቆየው 13 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ያህል ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ይህን ያህል ሰዓት ሳይበላ ሲውል ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ደም ይለቃል። ያ እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ሰውነቱ ወደ ስቡ ይዞራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንጎል የሚሠራበት ኃይል አይቋረጥበትም። ታዲያ ከዐስር ሰላት በኋላ ሰው ሁሉ ለምን ይነጫነጫል? ያ ራስ ምታትስ ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን ረሃቡን እንወቅሳለን። ለአእምሮ ጤና የሚያስብ ሰው ግን ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱን ቢመለከት ይሻለዋል።

እስቲ አንድ የተለመደ የረመዳን ሌሊት እንከተል። 12 ሰዓት ከ40 ገደማ አዛን ይሰማል፤ ጾሙ በተምርና በውኃ ይፈታል፤ ሾርባውና ሳምቡሳው ይከተላል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ዒሻና ተራዊህ ነው። ከመስጊድ መልስ ዋናው እራት ይቀርባል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፣ ዘመድ ጎራ ይላል፣ ቴሌቪዥኑም ስልኩም አለ። ጎን የሚያርፈው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለሱሁር መነሳት አለ፤ የምታዘጋጀው እናት ወይም ሚስት ግን ከዚያ ቀደም ብላ ተነስታለች። ፈጅር ከተሰገደ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሸለብ ቢያደርግ ነው፤ ሥራ የሚገባ ሰው ከዚያ በላይ ጊዜ የለውም። ሲደመር አምስት ሰዓት ተኩል ቢሞላ ነው፤ ያም ለሁለት የተቆረጠ እንቅልፍ። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች፣ ለይለተል ቀድርን ፍለጋ ሌሊቱ በሰላትና በዱዓ ሲያልፍ፣ ይኸው እንኳ ያንሳል።

ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ በረመዳን የእንቅልፍ ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚያጥር ያሳያሉ። ትልቁ ጉዳይ ግን የትኛው እንቅልፍ ነው የሚቆረጠው የሚለው ይመስለኛል። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ በብዛት የሚመጣው ወደ ንጋቱ ግድም ነው፤ ማለትም ልክ ለሱሁር በምንነሳበት ሰዓት። ይህ የእንቅልፍ ክፍል የቀኑን ንዴት፣ ፍርሃትና ሐዘን ለማብረድ እንደሚያግዝ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። የተቆረጠበት ሰው በማግስቱ ትንሹ ነገር ቢያስቆጣው አይገርምም። ስለዚህ ከተራዊህ በኋላ ያለውን ሰዓት ለስልክና ለቴሌቪዥን ከመስጠት በጊዜ መተኛት፣ ቀን ላይም ከተቻለ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ቀይሉላ (የቀን ሸለብታ) ማድረግ፣ ቀላል ቢመስሉም የብዙውን ሰው ስሜት የሚያስተካክሉ ነገሮች ናቸው።

ራስ ምታቱን በተመለከተ ዋናው ተጠያቂ ብዙ ጊዜ ቡናው ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ ሕመሙም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ መነጫነጭና መፍዘዝም አብረውት ይመጣሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ የሠሩ የነርቭ ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ይህን የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ራስ ምታት ብለው ጽፈውበታል። መፍትሔው ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር የቡናውን መጠን በየቀኑ እየቀነሱ መምጣት ነው። ሲጋራም እንዲሁ። ካዛብላንካ ውስጥ በ100 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በረመዳን ንዴት ከሁሉም በላይ የሚበረታው በአጫሾች ላይ እንደሆነ፣ ወሩ እየገፋ ሲሄድም እንደሚጨምር አሳይቷል።

ጫትን ግን ለይቼ ላንሳው። በወሎም፣ በሐረርም፣ በጅማም ከተራዊህ በኋላ በርጫ የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃቃል፣ እንቅልፍን ያባርራል፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ድብርት ያስከትላል። ቀን ጾም፣ ሌሊት ጫት የሆነበት ወጣት ወሩን ሙሉ እንቅልፍ አላየም ማለት ይቻላል። ከዚህ በፊት ጆሮው ላይ ድምፅ ይሰማው የነበረ ወይም ሰዎች ያሳድዱኛል ይል የነበረ ሰው ከሆነ ይህ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሰው ረመዳንን ለምን ይናፍቃል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ መናፈቁ እውነት ነውና። ፊሊፔ ካምፓንቴና ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህን ብልህ በሆነ መንገድ መርምረውታል። የሂጅራ አቆጣጠር ከፀሐይ ዓመት ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች በሞቃቱ ወራት ሲውል ጾሙ በጣም ይረዝማል፣ በብርዱ ወራት ሲውል ያጥራል፤ እንደ እኛ ላሉ ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆኑ አገሮች ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ልዩነት ተጠቅመው አወዳደሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ጾሙ በረዘመባቸው ዓመታት የሙስሊም አገሮች የኢኮኖሚ ዕድገት ሲቀንስ ሙስሊሞቹ ግን በሕይወታቸው ይበልጥ ደስተኛ መሆናቸውን ተናግረዋል። ድካሙ ጨምሯል፣ እርካታውም ጨምሯል።

ከየት ይመጣል ይህ እርካታ? ጾም በግድ እንደመጣ ረሃብ አይደለም፤ በኒያ የተያዘ ነው፤ ሰው መረጥኩትና ቻልኩት የሚለው ነገር አእምሮውን ያጠነክረዋል። ሌላው አብሮ መብላት ነው። ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን የምትበላ አሮጊት በዚህ ወር ከጎረቤት ሳህን ይመጣላታል፤ የተኳረፉ ይታረቃሉ፤ ሰደቃ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሰው እንዳለው ያውቃል። ይህ በሌለበት ቦታ ወሩ ይከብዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በረመዳን ሥራዋ ይበዛል፤ የኢፍጣሩን ድግስ አብስላ፣ የእንግዳውን ዕቃ አጥባ፣ ሱሁሩን አቅርባ ነው የምትተኛው። የምታፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን ነው። እንዲህ ላለች ልጅ ከአገር ቤት በአዛን ሰዓት የሚደወል ስልክ ትልቅ ነገር ነው።

ጾም ድባቴንና ጭንቀትን ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች በርካታ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ጥቂት ሰዎችን ከጾሙ በፊትና በኋላ የጠየቁ እንጂ ከማይጾሙ ጋር ያወዳደሩ አይደሉም፤ የሚጾሙትም ቀድሞውኑ ጤና ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ጾምን የድባቴ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

የስሜት መዋዠቅ ሕመም፣ ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት፣ ላለበት ሰው ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሞሮኮ በ20 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 45 በመቶ የሚሆኑት በረመዳን እንዳገረሸባቸው አሳይቷል፤ በደማቸው ያለው የመድኃኒታቸው የሊቲየም መጠን ግን አልተለወጠም። መድኃኒቱ በቦታው እያለ ለምን አገረሸ? የእንቅልፍ መቆራረጥ ይህን ሕመም እንደሚቀሰቅስ ከረመዳን ውጭም በደንብ የታወቀ ነው። ፓኪስታን ውስጥ በ62 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የሊቲየሙ መጠን ሳይዛባ ስሜታቸው እንዲያውም መሻሻሉን ዘግቧል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላያቸው ሰው መልሱ ከሰው ሰው ይለያል፤ ለዚህም ነው ውሳኔው ከሐኪም ጋር መሆን ያለበት። ሊቲየም ለብቻው አንድ አደጋ አለው፦ ሰውነት ውኃ ሲያጣ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከታየ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፣ ወደ ሕክምናም ይኬዳል።

በተግባር ምን ይደረጋል? በቀን ሦስት ጊዜ ክኒን የሚወስድ ሰው ከረመዳን ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ መድኃኒቱን ይዞ ሐኪሙ ጋ ይሂድ። ብዙ መድኃኒቶች በኢፍጣርና በሱሁር፣ ወይም በቀን አንዴ ብቻ እንዲወሰዱ ሊስተካከሉ ይችላሉ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለው ጠዋት የሚወሰድ ከሆነ ሱሁር ላይ ይመቻል፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይሆናል፣ አፍ ስለሚያደርቅ ግን የቀኑን ጥም ያብሳል። የሦስቱን ጊዜ ክኒን በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ መዋጥም፣ ጾሙ እስኪያልፍ ብሎ መተውም አደገኛ ነው። በየወሩ መርፌ የሚወጋ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል።

ብዙ ሕሙማን የሚሰቃዩት ግን አለመጾሙ በሚያመጣው የጥፋተኝነት ስሜት ነው። እግሩ የተሰበረውን ማንም አትጾምም ወይ አይለውም፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ግን ኢማንህ ነው የደከመው ይባላል። ይህ ሕሙማንን ይጎዳል፣ ከሃይማኖቱም ጋር አይስማማም። የቁርኣኑ የበቀራ ምዕራፍ ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ የሥጋና የአእምሮ ሕመም ብሎ አልለየም። የተሻለው በሌላ ጊዜ ቀዷውን ያወጣል፤ የማይሻል ሕመም ያለበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስኪን በማብላት ፊድያ ይከፍላል። አቅሉን የሳተ ሰው ላይማ ግዴታውም የለም። የማይጾመው ሰው ኢፍጣሩ ላይ ቢቀመጥ፣ ተምሩን ቢያድል፣ ዱዓው ላይ ቢኖር ከወሩ አልወጣም፤ ቤተሰብም ይህን ቦታ ሊያስቀርለት ይገባል።

ለቤተሰብ የምለው አንድ ነገር አለ። አብሯችሁ ያለው ሰው ሁለት ሌሊት በተከታታይ ሳይተኛ ድካም ካልታየበት፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ልስጥ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ኢፍጣር ላይ እንኳ እህል እምቢ ካለና ሞትን ካነሳ፣ ጾሙን አስፈትታችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። እስከ ዒድ ድረስ አትጠብቁ።