የቤት ጣሪያ መቀየርና የቤተሰብዎ ጤና፦ በፑጀት ሳውንድ አካባቢ ለሚኖሩ ማወቅ የሚገባዎት

ቤትዎ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚያስል ልጅ፣ አስም ያለበት ሰው ወይም አፍንጫቸው ተዘግቶ የሚያድር አዛውንት ካሉ፣ ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ የጤና ጉዳይ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ነጠብጣቡን ሲያዩ «ጣሪያው አርጅቷል» ብለው ብዙ ሺህ ዶላር አውጥተው ጣሪያ ያስቀይራሉ። የብርዱ ወቅት ሲመለስ ግን ነጠብጣቡም ሳሉም አብረው ይመለሳሉ። እርጥበቱ የመጣው ከላይ ከዝናቡ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ ከሆነ፣ አዲስ ጣሪያ ብቻውን አያስቆመውም።

ይህ ጽሑፍ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የእርጥበቱን ምንጭ እንዴት እንደሚለዩ፣ ሥራ ተቋራጩን ምን እንደሚጠይቁና ጣሪያው በሚቀየርበት ጊዜ ቤተሰብዎን እንዴት እንደሚጠብቁ ያስረዳል።

የዚህ አካባቢ ዝናብ ከአገር ቤቱ በምን ይለያል?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ሲያትልም የምታገኘው ወደ 1,000 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለው አወራረዱ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በኃይል ይወርዳል፤ ከዚያ ፀሐይ ወጥታ የቆርቆሮውን ክዳን ታደርቀዋለች። እዚህ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ቀጭን ዝናብ ያካፋል፣ ሰማዩም ደመና ለብሶ ይሰነብታል። ጣሪያው አንዴ ከረጠበ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም።

እዚህ ያሉት አብዛኞቹ ቤቶች የተከደኑት በአስፋልት ሺንግል ሲሆን ከሥሩ እንጨት አለ። ሺንግል እንደ ጥራቱና እንደ አያያዙ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል። ጥላ በሚበዛበት በኩል የሚበቅለው አረንጓዴ ሞስ፣ በአገራችን የድንጋይ ሽበት የምንለውን የሚመስለው፣ ውኃ ይዞ ያቆያል፤ የሺንግሉንም ጠርዝ ያነሳል። በዚያ በኩል ውኃ ሰርጎ ሲገባ ከሥር ያለው እንጨት መበስበስ ይጀምራል።

እርጥበት ጤናን እንዴት ይጎዳል?

እርጥብ እንጨት፣ ጂብሰምና ምንጣፍ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ዘሮች ወደ አየር ይለቃል። እነዚህን መተንፈስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚከተሉትን ሊያስከትል ይችላል፦

• ሳል፣ በተለይ ሌሊት
• ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ
• የአፍንጫ መዘጋት፣ ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ
• አስም ላለበት ሰው የአስም መነሳት

ሕፃናት፣ አዛውንት፣ የሳንባ ሕመም ያለባቸውና የሰውነታቸው የመከላከል አቅም የተዳከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የበለጠ ይጎዳሉ።

ለሐኪምዎ ምን ይንገሩ?

በትርጉም ሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ሐኪሙ «ቤትዎ ውስጥ ሻጋታ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን «የለም» እንላለን። ሻጋታ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የከረመ እንጀራና ዳቦ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ብለን አንጠራውም። ሳሉንም «ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ሲቀያይር ቤቱ እንደረጠበ ይቀራል።

በቀጠሮዎ ቀን ያዩትን እንዳለ ይንገሩ፦ «ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ»፣ «ጠዋት መስኮቱ ውኃ ያለቅሳል»፣ «ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የምድር ቤት ሽታ ይሸታል»፣ «ከቤት ወጥተን ስንሰነብት ሳሉ ይሻለዋል»። በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቢያሳዩ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ውኃው ከላይ ነው ወይስ ከውስጥ?

ከጣሪያው የሚገባ ውኃ ምልክቶች፦

• ኮርኒሱ ላይ ቡናማ፣ ጠርዙ እንደ ቀለበት የሆነ እድፍ ይታያል።
• እድፉ ከዝናብ በኋላ፣ በተለይ ነፋስ ከቀላቀለ ዝናብ በኋላ ይሰፋል።
• ብዙውን ጊዜ በጭስ ማውጫ፣ በቧንቧ ወይም በጣሪያ መስኮት አጠገብ ነው።

ከቤቱ ውስጥ የሚነሳ እርጥበት ምልክቶች፦

• ዝናብ ባይኖርም በብርድ ቀናት ይብሳል።
• ጥቁር ነጠብጣቡ በክፍል ማዕዘን፣ ከቁም ሳጥን ጀርባና በመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ ተበትኖ ይታያል።
• ጠዋት ጠዋት መስኮቶች በውስጥ በኩል ያልባቸዋል።
• ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ እዚህ አቲክ በሚሉት ውስጥ፣ የምስማሮቹ ጫፍ ላይ የውኃ ጠብታ ይታያል፤ የጣሪያው እንጨትም በስፋት ይጠቁራል።

ሁለቱም በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ።

የውስጡ እርጥበት ከየት ይመጣል? ከትንፋሻችን፣ ከሻወር፣ ቤት ውስጥ ከሚሰጣ ልብስና ከምግብ ማብሰል ነው። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት ያስቡ። ለሰዓታት የሚንተከተከው ወጥም እንዲሁ ነው። «ነፋስ ይመታናል» ብለን መስኮት ዘግተን፣ «ብርድ ያስገባል» ብለን የአየር ማውጫውን አጥፍተን ስንቀመጥ፣ ሞቃቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን የጣሪያ እንጨት ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው አቲክ ውስጥ ካበቃ ደግሞ እርጥበቱን ሁሉ እዚያው ይደፋዋል።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ዋጋው አነስተኛ ነው። የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆን አለበት።
• ሲያበስሉ፣ ሲጋግሩና ሲታጠቡ የአየር ማውጫውን ያብሩ፤ ከጨረሱ በኋላም ትንሽ ያቆዩት። ጋራዥ ውስጥ የሚጋግሩ ከሆነ ወደ ውጭ የሚወስደውን በር ይክፈቱ፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን ይዝጉ።
• አሸንዳው በቅጠል እንዳይደፈን በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ያስጠርጉ።
• ጣሪያ ላይ ራስዎ አይውጡ። እርጥብ ሞስ እጅግ ያንሸራትታል። ከመሬት ሆነው በስልክ ካሜራ አቅርበው ይመልከቱ።
• ሞስን በከፍተኛ ግፊት ውኃ አያስጥቡ፤ ሺንግሉን ይልጠዋል።

ከሥራ ተቋራጭ ጋር ከመፈራረምዎ በፊት

• በዋሽንግተን ግዛት ሥራ ተቋራጭ በሠራተኛና ኢንዱስትሪዎች መምሪያ መመዝገብ፣ ዋስትናና ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። መመዝገቡን በመምሪያው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማረጋገጥ ይቻላል። የአገር ልጅ ቢሆንም ያረጋግጡ።
• ቢያንስ ከሦስት ሥራ ተቋራጮች የጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ።
• ሥራው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራ ተቋራጩ ከመጀመሩ በፊት መብትዎን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሊሰጥዎት ይገባል።
• ሙሉውን ገንዘብ አስቀድመው አይክፈሉ። ሥራ ተቋራጩ ለዕቃ አቅራቢውና ለሠራተኞቹ ካልከፈለ፣ እነሱ በቤትዎ ላይ የይገባኛል እዳ ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሁሉም እንደተከፈላቸው የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ይጠይቁ።
• ከዐውሎ ነፋስ በኋላ በር አንኳኩቶ «ጣሪያዎ ተጎድቷል፣ አሁኑኑ ይፈርሙ» የሚል ሰው ከመጣ አይቸኩሉ። በፌዴራል ሕግ መሠረት ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያስፈረመዎትን ውል እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። ያነጋገረዎት በአማርኛ ከሆነ ውሉና የመሰረዣ ማስታወቂያውም በአማርኛ መሆን አለባቸው። ድንገተኛ ጥገና ፈልገው ራስዎ ከጠሩትና መብቱን በጽሑፍ ከተዉ ግን ይህ ላይሠራ ይችላል።
• ውሉን ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ቢናገርም የውል ቋንቋ አያውቅም፤ ስህተት ቢፈጠርም ሸክሙ በልጁ ላይ ይወድቃል።
• የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ዛፍ መውደቅን ወይም ዐውሎ ነፋስን የመሰለ ድንገተኛ ጉዳት ነው። በእርጅናና በመበስበስ የመጣን ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።

እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁ፤ መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ፦

1. አሮጌው ሺንግል ሙሉ በሙሉ ይነሳል? በላዩ ላይ መደረብ ርካሽ ነው፤ የበሰበሰውን እንጨት ግን ይሸፍናል። ቀድሞ ሁለት ድርብ ካለ ሦስተኛ መደረብ አይፈቀድም።
2. የበሰበሰ እንጨት ቢገኝ ለአንዱ ፕላይውድ ስንት ይጨመራል?
3. በጭስ ማውጫና በግድግዳ መጋጠሚያ ላይ ያለው ብረት አዲስ ይሆናል? ብዙ ጣሪያ የሚያፈሰው በዚህ በኩል ነው።
4. አቲኩ በቂ የአየር መተላለፊያ አለው? የተለመደው የግንባታ ደንብ ለ150 ካሬ ጫማ የአቲክ ወለል 1 ካሬ ጫማ ክፍት መተላለፊያ ይጠይቃል፤ ከታችና ከላይ በተገቢው ከተከፋፈለና ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ ለ300 ካሬ ጫማ 1 ካሬ ጫማ ይበቃል።
5. የመታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት አየር ማውጫ ቱቦዎች ከጣሪያው ውጭ እንዲያበቁ ይደረጋል?
6. ቤቱ ባሕሩ አጠገብ ከሆነ፣ ምስማሩና ብረቱ በጨዋማ አየር የማይዝግ ነው?
7. የከተማው የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል? ከተማ ከከተማ ስለሚለያይ ለከተማዎ የግንባታ ፈቃድ ቢሮም ይደውሉ።

ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ

ለዚህ ሥራ የተሻለው ወቅት ደረቁ ጊዜ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። በአገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ በጋ ነው።

• አዝቤስቶስ፦ በቆዩ ቤቶች ጣሪያና የአቲክ መሙያ ውስጥ አዝቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምርመራ መደረጉን ሥራ ተቋራጩን ይጠይቁ። ስለ ደንቡ የፑጀት ሳውንድ ንጹሕ አየር ኤጀንሲን መጠየቅ ይችላሉ።
• እርሳስ፦ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ያርቁ።
• አቧራ፦ መስኮቶችን ይዝጉ፤ አቲክ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይሸፍኑ። አስም ያለበት ሰው ቢቻል እነዚያን ቀናት ዘመድ ቤት ይዋል፤ የአስም መድኃኒቱም ከእጁ አይለይ።
• ምስማር፦ በየቀኑ ሥራው ሲያበቃ ግቢው በማግኔት እንዲጠረግ በውሉ ላይ ያስጽፉ። እስኪጠረግ ድረስ ልጆች ግቢ ውስጥ አይጫወቱ።
• ካርቦን ሞኖክሳይድ፦ በሥራው ወቅት የጋዝ ውኃ ማሞቂያው ወይም የቤት ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ሊነቃነቅ ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ማስጠንቀቂያ ደወልዎ እንደሚሠራ አስቀድመው ይሞክሩ። ሥራው ሲያልቅ ቱቦዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ያስፈትሹ። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማው ሁላችሁም ከቤት ወጥታችሁ 911 ደውሉ።

ጣሪያው ካለቀ በኋላ

አዲሱ ጣሪያ ቀድሞ የበቀለውን ሻጋታ አያጠፋም። ከ10 ካሬ ጫማ በታች ከሆነ፣ ማለትም በግምት በሁሉም ጎን 3 ጫማ፣ ራስዎ ማጽዳት ይችላሉ። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ኤን 95 ማስክ ያድርጉ፤ ጠንካራውን ነገር በውኃና በሳሙና ፈትገው በደንብ ያድርቁ። አስም ያለበት ሰው አያጽዳ። ሻጋታ የያዘ የኮርኒስ ጂብሰምና ምንጣፍ ብዙውን ጊዜ ተነስቶ መጣል አለበት። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ሻጋታውን ይደብቃል እንጂ አያስወግደውም። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ለወደፊቱም ውኃ የነካውን ነገር ሁሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያድርቁ።

ተከራይ ከሆኑ

ጣሪያውን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው። ችግሩን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቀኑን ጽፈው ቅጂውንና ፎቶዎቹን ያስቀምጡ። በዋሽንግተን ሕግ መሠረት አከራዩ ለአብዛኞቹ ጥገናዎች ማስታወቂያው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ሥራውን መጀመር አለበት። ቅሬታ በማቅረብዎ ሊበቀልዎት አይችልም። የቤት ኪራይ መክፈል ግን አያቁሙ፤ ማቆም መብትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።

እርዳታ ከፈለጉ

• ትንፋሽ ካጠረዎት፣ መናገር ከከበደዎት ወይም የአስም መድኃኒቱ ካልሠራ 911 ይደውሉ።
• ሳሉ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። በሆስፒታልና በክሊኒክ ነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፤ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ።
• ለጣሪያ ጥገና አቅም ካጠረዎት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የቤት ባለቤቶች የኪንግ ካውንቲና የሲያትል ከተማ የቤት ጥገና ፕሮግራሞች አሉ። ወደ 2-1-1 ደውለው በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገናኙ ይጠይቁ።