ቺንጋው ሲላላ

ስለ ዱቄት ፋብሪካ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን እህሉን የሚያደቅቀው ወፍጮ ነው። ይሁን እንጂ ከወፍጮው የማያንስ ሥራ የሚሠራ፣ ነገር ግን ልብ የማይባል አንድ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም የአየር ማራገቢያው ነው። የተፈጨውን በቧንቧ እየሳበ ወደ ወንፊቱ የሚያደርሰው፣ ብናኙንም ከሠራተኛው አፍንጫ የሚያርቀው እርሱ ነው። በብዙ ቦታ ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር የላስቲክ ቺንጋ ነው።

ነገሩ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ የተለየ ክብደት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከምጽዋ ወይም ከጂቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አንድ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የመሳብ ኃይሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚህ ላይ ቺንጋው ላልቶ ቢንሸራተትና ፍጥነቱ ከመቶ 10 ቢጎድል የመሳብ ኃይሉ እንደገና ከመቶ 19 ይጎድላል። በባሕር ጠረፍ 100 የነበረው ኃይል በደጋው 65 ያህል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ቆላ ላይ የሚታለፍ ጉድለት ደጋ ላይ አይታለፍም።

ውጤቱስ ምንድን ነው? ቧንቧው ይደፈናል፤ ብናኙም በቤቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። የዱቄት ብናኝ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍስ ሰው በአስም ሊያዝ ይችላል። ከዚህም በላይ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ሲነካው ይፈነዳል። በ1878 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚሁ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች አልቀዋል። የሚንሸራተት ቺንጋም እየጋለ ይሄዳልና ከብናኝ ጋር ጎረቤት ሊሆን አይገባውም።

መሐንዲሶች ባንሆንም ጥበቃው ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፦

1ኛ/ ማናቸውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ማብሪያውም ሌላ ሰው እንዳይነካው ይቆለፍ።

2ኛ/ ቺንጋውና መዘውሩ ይታዩ። ባለ ቦይ መዘውር ላይ የሚሠራው ቺንጋ እንደ ሽብልቅ የሚይዘው በጎንና በጎኑ ነው እንጂ በታቹ አይደለም። የቦዩ ወለል ካብለጨለጨ ቺንጋው ወይም ቦዩ አልቋል ማለት ነው።

3ኛ/ ሁለቱ መዘውሮች ቀጥ ብለው መተያየታቸው በተወጠረ ሲባጎ ይለካ። ከተጣመሙ ቺንጋው ጎኑን ይበላል።

4ኛ/ ውጥረቱ ልክ ይኑረው። በመዘውሮቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ቢሆን፣ ቺንጋው አምራቹ በወሰነው ኃይል መካከሉ ላይ ሲጫኑት 16 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከላላ ይንሸራተታል፤ ከከረረ ኩሽኔታውን ይገድላል።

5ኛ/ ጎን ለጎን የሚሠሩ ቺንጋዎች ሲለወጡ ሁሉም በአንድነት ይለወጡ። አሮጌው ስለተለጠጠ ሸክሙ በአዲሱ ላይ ብቻ ይወድቃል። አዲሱንም በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማስገባት ውስጡን ይበጥሰዋል፤ የሞተሩን ብሎን አላልቶ ሞተሩን ማስጠጋት ይገባል። ከ24 ሰዓት ሥራ በኋላ ውጥረቱ እንደገና ይታይ።

6ኛ/ በመጨረሻ መከለያው ወደ ቦታው ይመለስ። ለነጠላና ለጋቢ ጫፍ፣ ለእጅጌም ሆነ ለጣት፣ የሚዞር ቺንጋ ምሕረት የለውም።

አንዳንዶች የሚንሸራተተውን ቺንጋ የሚያጣብቅ ነገር በመቀባት ሊያስታግሱት ይሞክራሉ። ይህ ግን ሕመምተኛውን ሳያክሙ ጩኸቱን ማፈን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጎታል። ይሁንና አዋጅ ብቻውን ብሎን አያጠብቅም። ቺንጋውን ለማየት ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ማቆም ገቢን የሚቀንስ ቢመስልም፣ የሰው እጅ ወይም ሳንባ ከጠፋ በኋላ የሚተካ መለዋወጫ የለም። ስለዚህ ነገ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የሕግ ሰው ወይም ጸሐፊ የምንሆን ወንድሞችና እህቶች ሁሉ፣ በምንሄድበት የሥራ ቦታ መከለያው በቦታው መኖሩን እንጠይቅ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ያለውን ነው።