ቦሌ የሚቀር ዶላር፣ መተሐራ የሚወድቅ ወጪ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 የበጀት ዓመት ከ17 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን አጓጉዟል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ቦሌን የሚረግጡት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከአንዱ አውሮፕላን ወርደው በሌላው ይሳፈራሉ። ቆይታው የረዘመበት መንገደኛ ስካይላይት ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ያድርና ማለዳ ጉዞውን ይቀጥላል። ካደረበት ክፍል 225 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተምሥራቅ ሳላ በመንጋ የሚግጥበት ሜዳ መኖሩን ሳያውቅ የሚሄደው ብዙ ነው።

ያ ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ዋነኛ የእንስሳት መመልከቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ወሰን ተበጀለት፤ ያኔ የተሰጠው ስፋት 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በደቡብ በኩል የአዋሽ ወንዝ ከፏፏቴው ወርዶ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል፤ ከፏፏቴው በታች አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በስተሰሜን ዘንባባ የከበበው ፍል ውሃ አለ። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ከሩቅ ይታያል። ማለዳ በመኪና የወጣ ጎብኚ ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮና አምባራይሌ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ወፍ ለማየት ለሚመጣ ሰው ከ450 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች ተገናኝተው የሚዳቀሉበት ቦታ በመሆኑም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት ኖረዋል።

አንበሳም አለ፤ በቀላሉ ግን አይታይም። ስለዚህ አዋሽን በአንበሳ ስም መሸጥ ስህተት ነው። ከሰሬንጌቲና ከማሳይ ማራ ጋር በእንስሳት ብዛት ሊወዳደር አይችልም፣ መወዳደርም አያስፈልገውም። አዋሽ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ፏፏቴ፣ እሳተ ገሞራ፣ ፍል ውሃና የሳቫና እንስሳት ማሳየት የሚችል፣ ከትልቅ የአየር ማረፊያ በአስፋልት የሚደረስበት ፓርክ። ይህን የመሰለ ዕቃ በአህጉሩ ብዙ የለም።

የኢኮኖሚው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ጎብኚው የሚያወጣው ገንዘብ የት ይቀራል?

አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ለሁለት ቀን አዋሽ ሄዶ ሲመለስ የሚከፍለውን መከተል በቂ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ ለአየር መንገዱ ይሄዳል። ከጉዞው በፊትና በኋላ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ለቦሌ ሆቴሎች ናቸው። ከጠቅላላው የመሬት ጉዞ ወጪ ትልቁን የሚወስደው ላንድክሩዘሩ፣ ሾፌሩና ነዳጁ ሲሆን፣ መኪናው ከቦሌ፣ ከአትላስ ወይም ከሃያ ሁለት አስጎብኚ ድርጅት ይከራያል፤ ነዳጁና መለዋወጫው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ፓርኩ በር ላይ የሚከፈለው መግቢያና ለስካውቱ (ለፓርኩ ጠባቂ) የሚሰጠው አበል ከዝርዝሩ ትንንሾቹ ናቸው። የመግቢያው ክፍያም ወደ መንግሥት ካዝና የሚሄድ ገቢ እንጂ በቀጥታ ለአካባቢው ሰው የሚደርስ አይደለም። አስጎብኚው ሌባ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሆነው፤ አገልግሎቱ ሁሉ የተደራጀው ቦሌ ስለሆነ ነው። የፓርኩ አጎራባች በሆኑት መተሐራና አዋሽ ሰባት ከተሞች ለጎብኚ የሚሸጥ ነገር እስካልበዛ ድረስ ገንዘቡ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም።

ወጪው ግን እዚያው ነው የሚወድቀው። ፓርኩ ከመከለሉ በፊት መሬቱ የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። በዚያው ዘመን ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አስፋፋ። አርብቶ አደር ሁሉንም መሬት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይፈልገውም፤ በበጋ፣ ከወንዙ በራቀው ሜዳ ላይ ሣር ሲጠፋ፣ ወንዝ ዳር ያለው መሬት ከብቱን የሚያተርፍ ነው። እርሻው የወሰደው ይህንኑ ነው፣ ፓርኩ ደግሞ የቀረውን ሰፊ ሜዳ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የዕድል ዋጋ የሚሉት ይህ ነው፦ ለሳላ የተተወ እያንዳንዱ ሄክታር ለአንድ የከረዩ ቤተሰብ በድርቅ ዓመት የሞቱ ላሞች ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ቤተሰብ በምላሹ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ከብቱን ወደ ፓርኩ ማስገባቱ የሚጠበቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ ብዙ ፓርኮች የተዘረፉትም ሕዝቡ የእኔ ናቸው ብሎ ስላልተቀበላቸው ነው። ስካውት በመጨመር ብቻ ይህ አይፈታም።

ሌሎች አገሮች ሞክረውታል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶውን በዙሪያቸው ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች መመደብ ጀመረች፤ በ2017 የጎሪላ መመልከቻ ፈቃድን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታሳድግ የማኅበረሰቡን ድርሻም ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገችው። ዋጋና ድርሻ አብረው መጨመራቸው ነው ትምህርቱ፤ ቱሪስቱ የከፈለው ጭማሪ መንደሩ ድረስ ታየ። በኬንያ ማሳይ ማራ ዙሪያ ደግሞ የማሳይ ባለ ይዞታዎች መሬታቸውን ለሎጆች እያከራዩ በቋሚነት ኪራይ ይቀበላሉ። የኬንያው መንገድ እንዳለ ለኢትዮጵያ አይሆንም፤ እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የከረዩ ግጦሽም የጋራ ነው። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ወረቀት ላይ እንዳይቀር ከተፈለገ ከፓርኩ ገቢ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ማስቀመጥ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን አለበት።

ድርሻ ለመክፈል ግን መጀመሪያ ገቢው መኖር አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ለውጭ ጎብኚ ኢትዮጵያ ረከሰች ማለት ነው፤ በብር የሚከፈል አልጋና ምግብ በዶላር ሲታሰብ ወደ ግማሽ ወረደ። የዚህ ሌላው ገጽ ብዙ አይነገርም፦ በብር ተተምኖ የቆየ የፓርክ መግቢያ ክፍያም በዶላር ሲታይ በዚያው ልክ ይወርዳል። የናሮክ አውራጃ አስተዳደር ለማሳይ ማራ የውጭ ጎብኚ በቀን 100 ዶላር፣ እንስሳቱ በሚፈልሱበት ወቅት ደግሞ 200 ዶላር ያስከፍላል። አዋሽ ያን ያህል ይጠይቅ የሚል የለም። ክፍያው ግን ምንዛሪው በተለወጠ ቁጥር የሚከለስበት ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ጭማሪው ለምን እንደሚውልም በሩ ላይ ተጽፎ ጎብኚው ሊያነበው ይገባል።

ገበያውን የሚያስፈሩ ነገሮችም አሉ። በኦሮሚያ በተለያዩ ቦታዎች የታየው የጸጥታ ችግር የውጭ መንግሥታትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አስከትሏል፤ ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም፣ ኢንሹራንስ በሌለበት ደግሞ የአውሮፓ አስጎብኚዎች ቡድን አይልኩም። በጥር 2017 ዓ.ም. ዙሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተሉት የመሬት መንቀጥቀጦች፣ ከመካከላቸው አንዱ 5.7 የተለካ፣ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አስነስተዋል፤ ንዝረቱ ቦሌ ፎቆች ላይ ሳይቀር ተሰምቷል። በመተሐራ በኩል የበሰቃ ሐይቅ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ደርሷል። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በአዋሽ ተፋሰስ ግጦሹን እየበላው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል፤ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ በከባድ መኪና የሚያልፈው በሳላው ሜዳ ጫፍ ነው። ይህን መንገድ ማንሳት አይቻልም፣ ፍጥነት መገደብ ግን ይቻላል።

ቦሌ ላይ አውሮፕላን ወደሚቀይረው መንገደኛ ስንመለስ፣ ናይሮቢ የምትጠቀስበት ምክንያት አላት። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው ፓርኳ ከከተማዋ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በበረራዎች መካከል ያለ የግማሽ ቀን ቆይታ እንኳ አንበሳና አውራሪስ ለማየት ይበቃል። ከቦሌ ተነስቶ አዋሽን በግማሽ ቀን ማየት አይቻልም፤ ሦስትና አራት ሰዓት የመንገድ ጉዞ አለ። የሚቻለው የሁለት ቀን ቆይታ ነው። ለዚህ ደግሞ አገሪቱ የሚያስፈልጋትን ከሞላ ጎደል አሟልታለች፦ የኤሌክትሮኒክስ ቪዛ አለ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል፣ አየር መንገዱም የራሱ የጉዞ ፓኬጅ ክፍል አለው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ የታቀደው፣ በሙሉ አቅሙ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለው አዲሱ አየር ማረፊያ ሲጠናቀቅ ደግሞ አዋሽ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባል። ቦሌ ያሉ አስጎብኚዎች ይህን ከአሁኑ ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል፤ መንገደኛው ቦሌ ማደሩን ሲተው ንግዱም ወደ ምሥራቅ ይከተለዋል።

የአገር ውስጥ ጎብኚውም አለ። ከሲኤምሲ፣ ከአያትና ከገርጂ ቅዳሜ ማለዳ የሚወጡ መኪኖች ብዙዎቹ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወይም አዳማ ላይ ይቆማሉ። ከአዳማ እስከ መተሐራ ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የውጭ ጎብኚ በጸጥታ ዜናና በኢንሹራንስ ምክንያት በሚቀርበት ዓመት ሎጁን፣ ስካውቱንና አስጎብኚውን ሥራ ላይ የሚያቆያቸው ይህ ቤተሰብ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ባይከፍልም በዓመት ሦስት ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ለትምህርት ቤት ጉዞዎች የተቀነሰ ክፍያና ከመተሐራ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስ አነስተኛ አውቶቡስ ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

የቱሪዝም ሚኒስቴርና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አዲሱ አየር ማረፊያ ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር ወስነው መጠበቅ ይገባቸዋል፦ ከአዋሽ መግቢያ ከሚሰበሰበው ስንት በመቶው፣ በማን እጅ፣ በየስንት ጊዜው ለከረዩ፣ ለኢቱና ለአፋር ማኅበረሰቦች እንደሚደርስ። የሩዋንዳው 10 በመቶ እንደ መነሻ ይበቃል።