ከዱር የተያዙ ትንንሽ እባቦች፦ ምግባቸውና መጠለያቸው

በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ዙሪያ፣ ማሳ ሲታረስ ወይም የድንጋይ እርከን ሲፈርስ ትንንሽ እባቦች ብቅ ይላሉ። አብዛኞቹ ወዲያውኑ ይገደላሉ። አንዳንዴ ግን የማወቅ ጉጉት ያደረበት ተማሪ አንዱን በጠርሙስ አድርጎ ወደ ወልድያ ይወስደው ይሆናል። አይጥ ቢቀርብለት አይነካም፤ ከሳምንታት በኋላም ይሞታል። ረሃብ ገደለው ቢባልም ዋናው ምክንያት ብዙውን ጊዜ መጠለያው ነው።

እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። በክብደት ከሚመስለው አጥቢ እንስሳ እጅግ ያነሰ ምግብ ይበቃዋል፤ የዋጠውን ለመፍጨት ግን ሙቀት ያሻዋል። መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር፣ ወልድያ ደግሞ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 0.65 ዲግሪ ስለሚቀንስ ልዩነቱ 2.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሆናል። ይህ ብቻውን ብዙ አይደለም። ነገር ግን የዱሩ እባብ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ሥር ይገባል፤ በጠርሙስ ያለው ወዴት ይሂድ? በታኅሣሥ ሌሊት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የዋጠው አይጥ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል።

ስለዚህ የሣጥኑ አንድ ጫፍ ከውጭ በተቀመጠ አምፖል እስከ 28 ወይም 30 ዲግሪ ይሙቅ፤ ሌላው ጫፍ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን። እባቡ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። በሁለቱም ጫፍ ገል ተደፍቶ መደበቂያ ይዘጋጅለት፤ መደበቂያ የሌለው እባብ ስለሚፈራ አይበላም። ወለሉ ጋዜጣ ቢሆን ይበቃል። ንጹሕ ውኃና ጥብቅ ክዳን ግን የግድ ናቸው። ወተት አያስፈልግም።

ምግቡ እንደ ዝርያው ይለያያል። በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ነጣ ያለ መስመር ያለው ቡናማው የቤት እባብ አይጥና እንሽላሊት ይበላል። ዳሲፔልቲስ የተባለው እባብ ግን የወፍ ዕንቁላል ብቻ ነው የሚበላው፤ ከአከርካሪው ወደ ጉሮሮው በወጡ አጥንቶች ሰብሮ ፈሳሹን ይውጥና ቅርፊቱን ይተፋል። እንደ ክር የቀጠነው ዓይነ ስውር እባብ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ምግቡም ምስጥና የጉንዳን ዕጭ ነው። ለእርሱ አይጥ ማቅረብ ከንቱ ድካም ነው።

አዲስ እባብ ለአንድ ሳምንት ሳይነካ ይቆይ። ከዚያም ከወገቡ ውፍረት የማይበልጥ የሞተ አይጥ በምሽት ከመደበቂያው አጠገብ ይቀመጥለት፤ ከበላ በየ7 እስከ 10 ቀን ይደገም። መርዝ ከተረጨበት ጎተራ የተገኘ አይጥ እባቡንም ይገድላል። ዓይኑ ወተት መስሎ ሲደፈርስ ቆዳውን ሊቀይር ነውና ባይበላ አያስደነግጥም።

ይህ ሁሉ ግን ዝርያው በባለሙያ ለታወቀና የመያዣ ፈቃድ ለተገኘለት እባብ ነው። ትንሽነት የመርዝ አለመኖር ምልክት አይደለም። የእፉኝት ልጅ ከተወለደ ጀምሮ መርዛማ ነው። አትራክታስፒስ የተባለው ትንሽ ጥቁር እባብ ደግሞ የመርዝ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን አውጥቶ ይወጋል፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ አንቆ መያዝም አያድንም።

የእባቡ ክብደት በየሳምንቱ ይመዝገብ። እየቀነሰ ከሄደ፣ ከሌላ ተሳቢ እንስሳ ጋር እስካልቆየ ድረስ፣ ወደ ተያዘበት ማሳ ይመለስ። ወልድያ ዳር መልቀቅ አይበቃም፤ የሚያውቀው ድንጋይ መርሳ ነው ያለው።