ሌንሱ ሲርቅ ጤፏ ትገዝፋለች

የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። ደህና በሚባል የማክሮ ሌንስ አንድ ለአንድ በሆነ መጠን ብናነሣት፣ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሴንሰር ላይ የምትይዘው ያችኑ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በፎቶው መሃል ነጥብ ሆና ትቀራለች። የቅርፊቷን ሸካራነት ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ አልፎ መሄድ አለበት። ያን ጊዜ ነው ወናፍ የሚያስፈልገው።

ይህ መሣሪያ በውስጡ አንድም መስታወት የለውም። እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ተጣጥፎ የሚዘረጋ፣ ብርሃን የማያስገባ ቆዳ ወይም ጨርቅ ነው። አንደኛው ጫፉ ከካሜራው፣ ሌላኛው ከሌንሱ ጋር ይገጠማል፤ ሁለቱም ሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ። ሥራውም ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅ ብቻ ነው። ሌንስ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ለማሳየት ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ ተራ ሌንስ ግን በራሱ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ስሌቱ አያስቸግርም። ሌንሱ ሩቁን ከሚያይበት ቦታ ተነሥቶ የወጣው ርዝመት ለፎካል ርዝመቱ ሲካፈል የማጉያው መጠን ይገኛል። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 50 ሲወጣ አንድ ለአንድ፣ 200 ሲወጣ አራት እጥፍ ያጎላል። የኒኮን ፒቢ-6 ወናፍ ከ48 እስከ 208 ሚሊ ሜትር ስለሚዘረጋ በዚህ ሌንስ ከአንድ እስከ አራት እጥፍ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ኤክስቴንሽን ቱቦም ይህንኑ ይሠራል፤ እንዲያውም ርካሽና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነ መጠኑን ለመቀየር በየጊዜው መፍታትና መግጠም ይጠይቃል።

ርቀቱ ግን ዋጋ አለው። ሌንሱ ሲርቅ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በአራት እጥፍ ማጉያ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው ከሃያ አምስት አንድ እጅ ብቻ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ይህን ራሱ ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎከስ ያረፈበት ክፍል እጅግ ቀጭን መሆኑን ያየ ፎቶግራፈር ወዲያው አፐርቸሩን ወደ ማጥበብ ይሄዳል። በሩቅ ፎቶ ላይ የለመደው ይህ ነውና አይፈረድበትም። እዚህ ግን በሌንሱ የአፐርቸር ቀለበት ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነቱን አይናገርም፤ በአራት እጥፍ ማጉያ በአምስት ይባዛል። ኤፍ 16 ያልነው የሚሠራው እንደ ኤፍ 80 ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ይበታተናል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት በሴንሰሩ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። የጤፏ ምስል ጠቅላላ ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያሉ ክቦች ጎን ለጎን ቢደረደሩ 40 ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ በዚያ የቅርፊት ዝርዝር አይታይም። ኤፍ 4 ላይ ግን ክቡ ወደ 0.027 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በዚያው ርዝመት 150 ገደማ ይገባሉ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው አፐርቸሩን ከፍቶ የጥልቀቱን ጉድለት በሌላ መንገድ መሙላት ነው። ኤፍ 4 ላይ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት 0.08 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የጤፏን የፊት ገጽ ለመሸፈን ፎከሱን በትንሽ በትንሹ እየገፉ አሥር ያህል ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። ዜሪን ስታከርና ሂሊኮን ፎከስን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ከየፎቶው የጠራውን ክፍል መርጠው አንድ ምስል ያወጣሉ። ለሞተ ወይም ለማይንቀሳቀስ ነገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ለሚራመድ ጉንዳን ግን አይሆንም።

ፎከሱ ራሱ ጀማሪን ግራ ያጋባል። አንድ ለአንድ ላይ በጤፏና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት ሊሆን ከሚችለው ሁሉ ያነሰው፣ ማለትም የፎካል ርዝመቱ አራት እጥፍ ነው። እዚያ ላይ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ ቢያንሸራትቱት መጠኑ ይቀየራል እንጂ ምስሉ እምብዛም አይጠራም። የሚሻለው መጀመሪያ በወናፉ መጠኑን ወስኖ፣ ከዚያ ካሜራውን፣ ወናፉንና ሌንሱን አንድ ላይ፣ ሁሉንም በተሸከመው በታችኛው ሐዲድ መግፋት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በቨርሞንት፣ ጀሪኮ፣ የመጀመሪያ የበረዶ ቅንጣት ፎቶውን ያነሣው ዊልሰን ቤንትሊም ከፎከስ ጋር ታግሏል። የካሜራውን ወናፍ ከማይክሮስኮፕ ጋር ስላገናኘው ርዝመቱ እጁ የፎከሱ መዘውር ጋ እንዳይደርስ አደረገው፤ በገመድና በመንኮራኩር አስተካከለው።

የቀረው የሌንስ ምርጫ ነው። ብዙ ወናፎች የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌላቸው የአፐርቸር ቀለበት የሌለው ዘመናዊ ሌንስ አይታዘዝባቸውም። እንደ ኤል-ኒኮር 50 ሚሊ ሜትር ያለ፣ በጨለማ ክፍል ኔጋቲቭ ያጎላ የነበረ ሌንስ ግን ቀለበት አለው፤ ከቅርብ እንዲሠራም ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ ሌንስ በጨለማ ክፍል ሳለ ኋላው ወደ ትንሹ ኔጋቲቭ፣ ፊቱ ወደ ትልቁ ወረቀት ነበር። በአራት እጥፍ ማጉያ ጤፏ የኔጋቲቩን፣ ሴንሰሩ የወረቀቱን ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ በመገልበጫ ቀለበት ኋላውን ወደ ጤፏ አዙሮ መግጠም ይገባል፤ ማጉያው ከአንድ ለአንድ በታች ሲወርድ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል።