ያውቁ ኖሯል? በአሽዶድ ባሕር የሰፈሩ የቀይ ባሕር ዓሣዎች

• የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ፍጥረታት ወደ ሜዲትራንያን ተሻግረዋል። በእስራኤሏ አሽዶድ ዳርቻ የሚጠመደው ጥንቸል ዓሣ የምጽዋ ውሃ ዓሣዎች ዘመድ ነው። ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየጋጠ ድንጋዩን ራቁቱን ስለሚያስቀረው ትንንሽ ዓሣዎች መጠለያ ያጣሉ።

• በሜዲትራንያን የመጀመሪያው የአንበሳ ዓሣ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1991 በእስራኤል ሄርዝሊያ አካባቢ ነው። ይህንን ለሳይንስ ካሳወቁት አንዱ የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ተመራማሪ ዳንኤል ጎላኒ ናቸው። እሾሁ መርዛማ ቢሆንም፣ በጥንቃቄ ከተነቀለ ሥጋው ይበላል፤ ቆጵሮስ ውስጥ ቁጥሩን ለመቀነስ ሰዉ እንዲመገበው ይበረታታል።

• ሲደነግጥ ውሃ ውጦ የሚነፋው ባለ ብርማ ጉንጩ ዓሣ ግን አይቀመስም። እንደ መንቆር የገጠሙት አራት ጥርሶቹ የመንጠቆ ገመድ ይበጥሳሉ። መርዙን እሳት አያጠፋውም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በእስራኤል 13 ሰዎች በልተውት ተመርዘዋል። ኦሪት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ እንዳንበላ ትከለክላለች፤ ይህም ቅርፊት የለውም።